ለሽማግሌ የተሰጠ ዕዳ

«ጦርነት ካለፈ በኋላ እንኳ ዕዳውን ካልማረ፣ ምኑን ጎረቤት ሆነው?» አለች ልጄ።

«አንቺ ደግሞ! ያበደረ ሰው ምን አጠፋ?» አለ ባሏ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ያበደረ ገንዘቡን ይጠይቃል። ሰውም ቢሆን፣ መንግሥትም ቢሆን።»

ዜናው ስለ ሁለት ጎረቤት የዓረብ አገሮች ነበር። ከድሮ ጦርነት የተረፈ ዕዳ ስለ ማቅለል ሲነጋገሩ የዋሉ ሁለት ሚኒስትሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ።

«አባባ፣ እስቲ አንተ ፍረደን» አለችኝ።

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርሁ። በእንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ፈርጄ አውቃለሁ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ክረምት ነበር። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ ከወላጆቼ ጋር እኖር ነበር። አባቴ የፋብሪካ ዕቃ ቤት ሠራተኛ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ወድቄ፣ ሥራ ሳልይዝ፣ ግጥም እጽፍ ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር ዘርግቼ አነባለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ዝናብ ሲያባራ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየዋጠኝ፣ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ።

እዚያ ጋሽ ኢብሬን አገኛለሁ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ሞተር ያላት የጣውላ ጀልባ አለቻቸው፤ ከዘጌ እንጨት፣ ከጎርጎራ በኩል እህል ያመላልሱባት ነበር። ሞተሩን የገዙት አባቴ ባበደራቸው ገንዘብ ነው። ጀልባዋን የሚነዳው ልጃቸው ሰይድ ነበር፤ እኩያዬ፣ ዋና ያስተማረኝ። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲመጣ እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት፣ አክስቴ ዘንድ ተሸሸግሁ። ሰይድ ግን የጫነውን እህል ሳላራግፍ አልሄድም ብሎ ወደቡ ላይ ተያዘ። ከሰሜን ግንባር መርዶው መጣ። ጀልባዋ ነጂ አጥታ ቆመች፤ ዕዳው ሳይከፈል ቀረ፤ አባቴ «ጀልባዋ ትሸጥ» አለ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አጥር ግራና ቀኝ እየኖሩ ሰላምታ አቋረጡ።

የዚያን ክረምት የውጭ ሬዲዮ የሚያወራው ስለ ኢራቅ ነው። ከኢራን ጋር ለዓመታት ተዋግታ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ከኩዌትና ከሌሎች ጎረቤቶቿ የተበደረችው ገንዘብ አንገቷ ላይ ቀርቷል። «የተዋጋሁት ለእናንተም ነው፤ የልጆቼ ደም ለእናንተም ፈሷል፤ ስለዚህ ዕዳውን ማሩኝ» ትላለች። መልእክተኞች ይመላለሳሉ፤ መሪዎች ይሰበሰባሉ። እኔ ይህን አነጋገር እንደ ግጥም ወደድሁት። «ደም» እና «ዕዳ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ!

ጋሽ ኢብሬ የጀልባዋን ስንጥቅ በጥጥና በሬንጅ ሲጠቀጥቁ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ወሬውን አደርስላቸዋለሁ።

«እና ባለገንዘቦቹ ምን አሉ?»

«እየተደራደሩ ነው፣ ጋሼ።»

«አይ፣ ሰው አጥተው ነው። አንተን ቢልኩህ በአንድ ግጥም ታስታርቃቸው ነበር» ብለው ሳቁብኝ።

ቀልድ ነበር። እኔ ግን እንደ ሹመት ወሰድሁት።

የእኛን ጉዳይ ሽማግሌዎች ያዙት። እሑድ ከሰዓት ቤታችን ተሰበሰቡ፤ ዋናው አያ ደምሌ ሲሆኑ አንድ ሼህና አንድ መሪጌታ አብረዋቸው አሉ። እናቴ ለሁሉም እንዲሆን ጠላውን ትታ ብርዝ በጠበጠች፤ የሽምብራ ቆሎ አቀረበች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መደማመጥ አልተቻለም፤ እስኪቀንስ ቆሎ ቆረጠምን።

በእኛ አገር ሽማግሌ ዕዳ ሲያስምር ለባለዕዳው አይለምንም። ለራሱ ነው የሚለምነው። «ለእኛ ምን ትሰጠናለህ?» ይላል። አበዳሪው ትንሽ ያጉረመርማል፤ በመጨረሻ «ለሽማግሌ ሰጥቻለሁ» ይላል። ከዚያ ዕዳው የሽማግሌዎቹ ነው፤ እነሱም ይተውታል። ባለዕዳው የማንንም ምጽዋት ሳይቀበል፣ አንገቱን ሳይሰብር፣ እንደ ገባ ይወጣል። ለምን ተማረ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ምክንያት አይነገርም። አያ ደምሌ አባቴን አስቀድመው ለብቻው አናግረውት እሺ ብሏል። የቀረችው አንዲት ቃል ነበረች። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰይድን የማያስብ አልነበረም፤ ስሙን ግን ማንም አላነሣም።

«እንግዲህ ጌታሁን፣ ለእኛ ምን ትሰጠናለህ?» አሉ አያ ደምሌ።

አባቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተነሥቼ ቆምሁ። «አያ፣ አንድ ነገር ልናገር ቢፈቀድልኝ።»

አባቴ ገላመጠኝ። አያ ደምሌ ግን ፈገግ አሉ፤ የምርቃት ግጥም ያዘጋጀሁ መስሏቸዋል። «በል እንጂ፣ ባለቅኔው።»

ስለ ኢራቅና ስለ ኩዌት ተናገርሁ። ለሌላው ደም ያፈሰሰ ጎረቤት ዕዳ ሊጠየቅ እንደማይገባው ተናገርሁ። «ሰይድም የሞተው ለእኛ ነው» አልሁ። «ደሙ ዕዳውን ከፍሏል። አባቴም ይህን አስቦ ይማር።» ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ራሴን ወደድሁት። ከዚያ ዙሪያዬን አየሁ። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

«የልጄን ደም በሞተር ነው የምታወራርደው?» አሉ ጋሽ ኢብሬ። አልጮሁም። ወደ አባቴ ዞሩ። «ጌታሁን፣ ነገሩ እንዲህ ነበር?»

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ ኢብሬ! እንዲህ ያለ ነገር ከአፌም አልወጣ።»

«ልጅ ነው» አሉ አያ ደምሌ። «አፉ በሉት። ጌታሁን፣ ቃልህን ስጠንና እንጨርስ።»

«ለእሱስ አፉ ብያለሁ» አሉ ጋሽ ኢብሬ። «ግን ይህን ሰምቼ ዕዳው ቢቀርልኝ፣ የልጄ እናት በምን ዓይኗ ታየኛለች? ልጁን በሞተር ለወጠ ይሉኛል።»

«ማንም አይልም።»

«ተባለ እኮ፣ አያ። አሁን፣ እዚህ ቤት። ጀልባዋ ትሸጥ።»

ጀልባዋን አንድ የጎርጎራ ነጋዴ ገዛት። ጋሽ ኢብሬ ከዚያ በኋላ በሰው ጀልባ ተቀጥረው ሠሩ። አባቴ ገንዘቡን ተቀበለ እንጂ ከእኔ ጋር ለረጅም ጊዜ በአንድ ገበታ አልቀረበም። ብዙም ሳይቆይ የኢራቅ ጦር ኩዌት መግባቱን ሬዲዮው አወራ። ሐይቁ ዳር ወርጄ ለጋሽ ኢብሬ የምነግርበት አፍ አልነበረኝም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን ሁልጊዜ ቀድመው ሰላም ይሉኝ ነበር፤ እኔም ከሩቅ ካየኋቸው መንገድ እቀይር ነበር።

አሁን እኔም ለሽምግልና እጠራለሁ። የምጠይቀውን ጠይቄ ዝም እላለሁ። ያን ቀን የተናገርሁትን ለብዙ ዓመታት የወጣት ደግነት አድርጌ ራሴን አጽናናሁበት። አልነበረም። ሰባታሚት ተሸሽጌ የተረፍሁት እኔ ነኝ፤ የራሴን ዕዳ በአባቴ ገንዘብ ልገላገል ነበር። ጋሽ ኢብሬ ይህን አውቀውት እንደሆነ አላውቅም። ቢያውቁም አይነግሩኝም ነበር።

የሚመላለስብኝ የተናገሩት ቃል አይደለም፤ አወጣጣቸው ነው። ብርዛቸውን ጨርሰው ጠጡ። እናቴን «እጅሽ ይባረክ» አሏት። የሽማግሌዎቹን እጅ በየተራ ጨበጡ። እኔ በሩን ልከፍትላቸው ተንደርድሬ ስነሣ «ቁጭ በል፣ ብርድ ይገባባችኋል» አሉኝ። ወጡና በሩን ከውጭ ራሳቸው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ሳብ አድርገው ዘጉት።