«ዛሬ የለም» ያልኩበት ጠዋት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር እሄዳለሁ፣ ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን እዘረዝራለሁ፣ ይህችን ግን ከምላሴ ሥር እንደያዝኳት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ለማታውቁኝ ለእናንተ መንገሩ ለምን እንደቀለለኝ እንጃ። ምናልባት ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ነፋስ ስልክ፣ በቀበሌያችን የጤና ሠራተኛ ነበርኩ፤ ወጣት፣ ቀልጣፋ፣ መመስገን የምወድ። አንድ ዓመት ለአረጋውያን ጤና የሚውል ገንዘብ ከመንግሥት ተመደበልን። ለሙከራ ነው ተባለ፤ ውጤቱ ታይቶ ወይ ይቀጥላል ወይ ይቆማል። ጠዋት የሰፈራችን ፋብሪካ ሳይረን ጮኾ ሠራተኛው ሲገባ፣ አዛውንቶቻችን በቀበሌው አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ደም ግፊታቸውን እለካለሁ፣ እጅና እግር እናፍታታለን፣ ከዚያ ከአዳራሹ ፊት ያለውን ሜዳ እንዞራለን። ስንመለስ ትኩስ አጥሚት አለ። አጥሚቱ ባይኖር ግማሾቹ አይመጡም ነበር፤ እነሱም አልደበቁኝም።

እነዚያ ጠዋቶች ዛሬም ይናፍቁኛል። እየሄዱ ማውራት አይችሉበትም ነበር፤ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁሉም ይቆማል። እኔ «እንሂድ እንጂ» እላለሁ፣ እነሱ «ቆይ፣ ይቺ ወሬ ትለቅ» ይላሉ። ሜዳዋን ለመዞር ግማሽ ጠዋት ይፈጅብን ነበር።

ከሁሉም የሚናፍቁኝ እማማ ድንቄ ናቸው። ግራ ጎናቸውን ከታመሙ ወዲህ ከደጃቸው ወጥተው አያውቁም ነበር። ልጅ የላቸውም። መጀመሪያ ሰሞን ደግፌ የማመጣቸው እኔ ነበርኩ፤ እያደር እኔን ትተው በምርኩዝ መሄድ ጀመሩ። ጠዋት በቤታቸው በኩል ሳልፍ አጥሩን ተደግፈው ይጠብቁኛል። «ዛሬ አለ?» ይሉኛል፣ መኖሩን እያወቁ። «አለ፣ እማማ» እላቸዋለሁ። ይቺው ነበረች ሰላምታችን።

ከበላይ እንግዶች መጥተው ሥራችንን እንደሚያዩ ተነገረን። እማማ ድንቄ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አሳጠቡ። «እንግዶቹ ፊት ያለ ምርኩዝ ነው የምሄደው» አሉኝ። እኔ በልቤ ምን አልኩ? ወድቀው ቢያዋርዱኝስ አልኩ። ወድቀው ቢጎዱስ አላልኩም፤ ቢያዋርዱኝስ ነው ያልኩት።

እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ጠርዙ የተሸረፈው ስኒ ጓዳ ይቀራል። እናቴም የእናቴም እናት እንዲህ ነው ያሳደጉን። እኔ ግን ሰውን እንደ ስኒ ጓዳ አስቀመጥኩ።

ያን ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ የታጠበውን ነጠላ ለብሰው ቆመው ነበር። «ዛሬ አለ?» አሉኝ። «ዛሬ የለም፣ እማማ። ይግቡና ይረፉ» አልኳቸው። እንደ እሳቸው እግራቸው የሚጎተት ሌሎችንም እንዲሁ እያልኩ አስቀረሁ። በቦታቸው ጠንካራ ጠንካራውን ከየደጁ ለቃቀምኩ። ያኔ ገጠር ከነበረው ከለቡ ድርቆሽ ሊሸጡ የመጡትን ገበሬ፣ አባባ ቱፋን ሳይቀር፣ ከአህያቸው ነጥዬ አዳራሽ አስገባኋቸው። «እኔ እኮ ድርቆሽ ልሸጥ ነው የመጣሁት» ሲሉኝ፣ አጥሚት አለ ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። «እጅ ወደ ላይ» ሲባል ከሁሉም አስበልጠው የዘረጉት እሳቸው ናቸው።

እንግዶቹ ደስ አላቸው። ቡድኑን የመሩት ጓድ እየሳቁ «እነዚህማ ከእኛ ይበረታሉ» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ጥቂት ቆይቶ ውሳኔው መጣ፤ የዚህ ቀበሌ አረጋውያን ጤነኞች በመሆናቸው ገንዘቡ ይበልጥ ለተቸገረ ቀበሌ ይዛወር የሚል።

ያኔ ሄጄ «ደካሞቹን ደብቄአቸው ነው» ማለት እችል ነበር። አፌን ማን ያዘው? በስብሰባ ፊት ግለ ሂስ ማድረግን ፈርቼ ነው ብል፣ በዚያ ዘመን ያልፈራ ማን አለ ትሉልኝ ይሆናል። አትበሉልኝ። እኔ የሳሳሁት ለተጨበጨበልኝ ጭብጨባ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ «ከበላይ የመጣ ነው» እያልኩ አለፍኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ከበደ።

ገንዘቡ ሄዶ የጠዋቱ ሥራችን ከቆመ በኋላ እማማ ድንቄን ልጠይቅ ሄድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ቶሎ ስላልዳንኩ ነው አይደል የቀረው? መንግሥት ያን ያህል ወጪ አውጥቶብኝ፣ እኔ እግሬን እንደጎተትኩ ቀረሁ።»

 «አይደለም» የምትለዋን ቃል ነፈግኳቸው። ዝም ብዬ ብወጣ እንኳ ምን ነበረበት? እኔ ግን እጃቸውን ይዤ «አይዞዎት» አልኳቸው፣ እሳቸው አጥፍተው እኔ ይቅር እንዳልኩ ሁሉ።

ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጡም። እግራቸው ተመልሶ ከበደ፤ ምርኩዙም ከበሩ ኋላ ቆሞ ቀረ። ክረምቱ ሲወጣ ቀበርናቸው። እኔም እዬዬ ብዬ አለቀስኩ፤ ለቀስተኛው «እንዴት ትወዳቸው ኖሯል» አለ። እውነት ነው፣ እወዳቸው ነበር። እየወደድኳቸው ያደረግኩት መሆኑ ነው ዛሬም የሚያቃጥለኝ።

አሁን እኔም በእሳቸው ዕድሜ ነኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ጠዋት ጠዋት አጥሬን ተደግፌ ቆሜ መንገዱን አያለሁ፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይጣደፋል። «ዛሬ አለ?» ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ነው አልልም። እናንተንም ማሩኝ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እማማ፣ የበደልኩት እርስዎን ነው። በእርስዎ እግር የተነሳ አልነበረም የቀረው። ያን ጠዋት ነጠላዎን ለብሰው ሲጠይቁኝ፣ የለም ያልኩዎት ዋሽቼ ነው።

ነበረ፣ እማማ።