ሳይቀመጡ ያለቀ ሽምግልና

አባቴ ሽምግልና መቀመጥ ከተወ ዓመት ሊሞላው ነው። ደባርቅ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ለምን እንደተወ የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ለሚጠይቁት ሁሉ «ጆሮዬ ደክሟል» ይላል። ጆሮው ደህና ነው። ከናይሮቢ ስደውልለት ከኋላዬ የሚጮኸውን ጥሩምባ ሰምቶ «መንገድ ላይ ነሽ እንዴ?» የሚለኝ እሱ ነው።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት ዳባት ባለ የባንክ ቅርንጫፍ ብድር ክፍል ነበርኩ። የሥራውን ቀን አክስቴ ቤት አድሬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በሚኒባስ ደባርቅ፣ አባቴ ጋ እመጣ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን፤ በሥራው ቀን ደግሞ እሱ ብቻውን ነበር። ሥራው ክፉ አልነበረም፤ ታከተኝ እንጂ። የነጭ ሽንኩርት ነጋዴው፣ ወፍጮ ልትከል ባዩ፣ በሬ አደልቢው፣ ሁሉም የየራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመለሰው መልስ ግን አንድ ዓይነት ነው። መንገድ ሲዘጋ ያም አይመጣም። አንድ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ የማረጅ መሰለኝ፤ ናይሮቢ ላለ የአማካሪ ድርጅት አመለከትኩ። የእኛ ኢንተርኔት አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ስላስቸገረኝ ለቃለ መጠይቁ ጎንደር ድረስ ወረድኩ። አለፍኩ። የደስታዬን ያህል አባቴን ምን ብዬ እንደምነግረው ጨነቀኝ።

አባቴ ጉልበቱን የጨረሰው የሊማሊሞን መንገድ ሲጠግን ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ናዳ የዘጋውን ሲጠርግ ኖሮ፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ጡረታ ሲወጣ ሽማግሌ ሆነ፤ ማለት አገሬው ሽማግሌ አደረገው። የግጦሽ ድንበር ቢሆን፣ የባልና ሚስት ጠብ ቢሆን፣ እሱ ካልተቀመጠ ነገሩ አያልቅም ይባል ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ካለው ጽድ ሥር ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። አንድ የማይላላ ሕግ ነበረው፤ ከመቀመጡ በፊት ካንድ ወገን አንዲት ቃል አይሰማም። መንገድ ላይ አስቁመው ሊነግሩት ሲጀምሩ «ኋላ፣ ባላጋራህ ባለበት» ብሎ ጥሏቸው ይሄዳል። ባለጉዳይ ቤት ውሃ አይቀምስም። ልጅ ሆኜ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ አብረን ስንመለስ አንድ ባለጉዳይ ቀድሞ የሁለታችንን የመኪና ሂሳብ ከፈለልን። አባቴ እጄን ይዞ ከመኪናው ወረደና የሚቀጥለውን ጠበቅን። ብርድ ነበር። ስለ ፍትሕ ያለኝ የመጀመሪያ ትዝታ የእግሬ መደንዘዝ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው ሥራዬን የነገርኩት።

«ምንድን ነው የምትሠሪ?» አለኝ።

«ማማከር ነው አባዬ። ድርጅቶች መሄጃው ሲጠፋቸው እኛ እንመክራቸዋለን።»

«ይከፍሏችኋል?»

«አዎ።»

«ምክር ይሸጣል እንዴ?»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው፤ አሉ። መከራ እንኳ በነጻ ነው የሚመክር» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይህችኑ ያነሣል። «ለራሳቸው ያልታያቸውን አንቺ በምን አየሽላቸው?» ይለኛል፤ ወይም «ሁለቱንም ወገን ሰምታችሁ ነው?» ይለኛል። አሁን ሳስበው አንዳንዱ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ያኔ ግን ሁሉም ሽሙጥ ሆኖ ተሰማኝ፤ ደግሞ ግማሹ ሽሙጥ ነበር። ልትመርቀኝ ነው ወይስ አይደለም ስለው «ያላወቅሁትን ምኑን እመርቃለሁ?» አለ። ቱግ አልኩ። «አንተ ዕድሜህን ሙሉ በነጻ መክረህ ምን አተረፍክ?» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእግዜር ሰላምታ በቀር በመካከላችን ንግግር ጠፋ።

እኔ የቤት ኩርፊያ ነው ብዬ ነበር። በሳምንቱ ከደረስጌ አካባቢ በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ሊያስቀምጡት መጡ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። አባቴ በር ላይ ቆሞ «እኔም ከቤቴ ሰው ተጣልቻለሁ። የተጣላ ሰው አያስታርቅም» ብሎ መለሳቸው። ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። በጣም ነው የደነገጥኩት። አንድ የቀረችውን ነገር፣ እሁድን ጠብቆ የሚያድርባትን፣ በእኔ ምክንያት አጣት። እኔ ደግሞ ማስተርስ ይዤ፣ ባንክ ሠርቼ፣ የአባቴን ምርቃት ሳልይዝ ከአገር መውጣትን እንደ ጨለማ እፈራለሁ። ሁለታችንም መታረቅ ነበረብን።

አክስቴ ሽማግሌ ላከች። አስታራቂዎቹ ሦስቱም ከአባቴ ጋር ዓመታት የተቀመጡ ባልንጀሮቹ ነበሩ፤ አንዱ የንስሐ አባቱ የሆኑት ቄስ፣ አንዱ ጡረተኛ መምህር፣ ሦስተኛው ሆደ ባሻ ገበሬ።

በዚያ ሰሞን ለአዲሱ ሥራዬ የተላከልኝን የማሠልጠኛ ጽሑፍ እያነበብኩ ነበር። አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከትልቁ ስብሰባ በፊት እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው አግኙት፣ ሐሳባችሁን ቀድማችሁ አስረዱት፣ በስብሰባው ዕለት አዲስ ነገር የሚሰማ ሰው አይኑር ይላል። ብልህ ነገር ነው። ናይሮቢ አሁን በየሳምንቱ የምሠራው ይህንኑ ነው፤ አለቃዬም ከሁሉ በላይ የምታመሰግነኝ በዚሁ ነው።

መጀመሪያ ቄሱ ቤት ሄድኩ፤ ቀጥሎ መምህሩ ጋ፣ መጨረሻ ገበሬው ጋ። ለሦስቱም ያልኳቸው አንድ ነው። አባቴ የጠላው ሥራውን አይደለም፤ ብቻውን መቅረትን ነው የፈራው። ማለዳ ማንም የማያየው ሲመስለው የእናቴን ጋቢ ይዞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። አክስቴ ከዳባት ዕቃዋን ጠቅልላ አብራው ልትኖር ተስማምታለች፤ ለእሱ ገና አልነገርነውም። ቄሱ እንባ አቀረሩ። መምህሩ «በይ አይዞሽ፣ አለቀ» አለኝ። ገበሬው ቤት ጠላ ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ። ከሦስቱ አንዳቸውም «ኋላ፣ አባትሽ ባለበት» አላሉኝም። ይህን እስከ ዛሬ እይዝባቸዋለሁ። እኔ መሄዴን የምፈልግ ልጅ ነበርኩ፤ ሽማግሌዎቹ እነሱ ነበሩ።

እሁድ ጽዱ ሥር ተሰበሰብን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። አባቴ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ትይዩ፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እዚያ አይቼው አላውቅም። ጋቢውን አስተካክሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ነበር። ቄሱ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙና «ለሽማግሌ ሰጥታችኋል?» ብለው ጠየቁ። እኔም እሱም «ሰጥቻለሁ» አልን።

«በል እንግዲህ፣ የሆድህን ተናገር» አሉት ቄሱ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ብዙ ያሰበበት ነገር እንደነበረው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ገበሬው ባልንጀራው ግን ያንን ፊት ማየት አልቻለም። «አይዞህ ወንድሜ!» አለው ሳያስጀምረው። «እኅትህ እኮ ከዳባት ጠቅልላ ልትመጣልህ ነው። ማን ብቻህን ይተውሃል? ደሞስ እስከ መቼ በጋቢ ላይ ታለቅሳለህ?»

አባቴ መጀመሪያ ገበሬውን አየው። ከዚያ መምህሩን፣ ከዚያ ቄሱን። ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ። መጨረሻ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ሞገደኛ ነኝ፣ ደግሞም ፊቴን የማዞርበት ስላጣሁ ነው።

«ተናገር እንጂ» አሉ ቄሱ፣ ድምፃቸው ቀንሶ።

«የምናገረው የለኝም። የፈረዳችሁትን ፍረዱ» አለ።

ፈረዱ። እኔ ስለ ተናገርኩት ክፉ ቃል ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ እሱም መርቆ እንዲሸኘኝ። ጉልበቱን ሳምኩ። ተነሥቶ እጁን ዘረጋና መረቀኝ። «የወጣሽበት ይቅናሽ። ሰው አገር አትቅለዪ። ካሰበብሽ ይሰውርሽ። አፍሽ ይሰማ፣ እጅሽ አይጠር። ሄደሽ ተመለሽ» አለ፤ አንዲት ቃል አላጎደለም። ሁሉም አሜን አሉ። አለቀስኩ፤ ግማሹ ደስታ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎን ለጎን ነበር የምንሄደው። የወፍጮ ቤቱን ካለፍን በኋላ «ከማን ጀመርሽ?» አለኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «ከቄሱ።»

«ደግ አድርገሻል። ከቄሱ ነው የሚጀመር።» ትንሽ ሄደና «ሥራሽ አሁን ገባኝ» አለ።

«አባዬ፣ አንተ አልሰማ ስትለኝ ምን ላድርግ?» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ዞሮ አየን።

«ምንም። መች ከፋ አልኩ? ይኸው ሠራልሽ እኮ» አለኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ልሄድ የተነሣሁ ጠዋት እነዚያ ወንድማማቾች ተመልሰው መጡ። መታረቃችንን ሰምተው ኖሯል። እኔ ደስ ብሎኝ፣ ሻንጣዬን በር ላይ ጥዬ፣ አባቴን ልጠራው ሮጥኩ። እሱ ወጥቶ በክብር ሰላም አላቸውና ጆሮው መድከሙን ነገራቸው። ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ጠቁሞ ሸኛቸው።

«ታርቀናል እኮ! መርቀኸኛል! ከእኔ ጋር ታርቀህ ለምን አትቀመጥም?» አልኩት።

«ከአንቺ ጋርማ ታርቄያለሁ ልጄ» አለኝ። «አብሬው የምቀመጥ ሰው ነው ያጣሁ።»

ሻንጣዬን አነሣና ወደ መናኸሪያው ቀደመኝ።