ጫማ ጠባቂው ጀግና

ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ ተከታታይ ልብወለድ እጽፋለሁ፤ በብዕር ስም። ታሪኩ ዘንዶና ጠንቋይ ስለሞላበት አገር ነው። ጀግናው ግን ጀግና አይደለም። ንጉሡ በስህተት ሰይፍ ያስታጠቀው፣ ያቺን ሰይፍ ለማንሳት እንኳ ሁለት እጅ የሚያስፈልገው፣ ዋሻ በተደረሰ ቁጥር ሆዱን የሚያመው ሰውዬ ነው። ጓደኞቹ ሊገቡ ሲሉ፣ "እናንተ ግቡ፣ እኔ ጫማ ልጠብቅ" ይላል። ይቺ አባባል የአራት ኪሎ ተማሪዎች አፍ ገብታለች። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ፈተና ሊገባ የነበረ ልጅ ለጓደኛው ሲላት ሰምቼ በደስታ መውረጃዬን አልፌያለሁ።

አባባሏ ግን የእኔ አይደለችም። የአጎቴ ናት።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ይሸጣሉ። አባቴ ሲሞት እኔንም እናቴንም ቤታቸው ያስገቡን እሳቸው ናቸው። ደግሞ ፈሪ ናቸው፤ ምን ልደብቅ። ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል፣ ጋሼ ግን ለእህታቸውም ለእኔም ተርፈዋል። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ አንድ ቡችላ ጭራውን እየቆላ ቢከተላቸው፣ የገዙትን ሙዝ በሙሉ ወርውረውለት እግሬ አውጪኝ ብለዋል። ቡችላው ሙዝ አይበላም፤ እኔ ልብወለድ ውስጥ ሲገባ ግን ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ ሆነ። የጫማዋ አባባልም እንደዚያው ናት። ልጅ ሆኜ ጸበል ሄደን፣ ጫማችንን አውልቀን ልንገባ ስንል ከውስጥ አንዱ መጮህ ጀመረ። ጋሼ ደርቀው ቀሩና፣ "እናንተ ግቡ፣ እኔ ጫማ ልጠብቅ" አሉን። ስንወጣ ጫማዎቹ ነበሩ፤ ጋሼ አልነበሩም።

ይሄን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ነበር የሚያጽናናኝ። የጋሼ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ቴሌግራም የሚባል ነገር አያውቅም። አራዳ ነኝ ባይ እንዲህ ነው ራሱን የሚሸውደው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወርቅ ቤቱ ጎራ አልኩ። አብሯቸው የሚሸጠው ጎልማሳ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ከስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ የእኔን ምዕራፍ። እየሳቀ መተንፈስ አቅቶታል። ጋሼ ቀለበት በጨርቅ እየወለወሉ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ሰውዬው ልጅ የለውም እንዴ?" አሉ።

"የለውም ጋሼ፤ ፈሪ ማን ያገባዋል?" አላቸው ጎልማሳው።

"እንደሱ ነው። ልጅ ቢኖረው እንዲህ አይሳቅበትም ነበር።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንደሌላ ጊዜው ሰላም ብያቸው፣ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ ወጣሁ። አላወቁም፣ ዝም ብለው ነው የተናገሩት እያልኩ ራሴን ሳባብል ሰነበትኩ። በዚያው ሳምንትም ሌላ ምዕራፍ ለቀቅሁ። ሰው እየጠበቀ ነበራ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ሽማግሌ መላክ የመጣው። የምወዳት ልጅ አባት ጡረታ የወጡ ሹም ናቸው፤ ቀጠሮ ያረፈደ ሰው ቤታቸው ውኃ አይቀርብለትም ይባላል። ለሽምግልና የንስሐ አባታችንና የእድራችን ሊቀመንበር እሺ አሉ። ከዘመድ የሚናገር ግን ያስፈልጋል፤ ያለኝም ጋሼ ብቻ ናቸው። ሲነገራቸው መጀመሪያ ወገባቸውን አመማቸው። ቀጥሎ ጉንፋን ያዛቸው። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ ምን እንደምል ንገረኝ" አሉኝ።

አስጠናኋቸው። ቆማችሁ ነው የምትናገሩት፣ ተቀመጡ ቢሏችሁ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በሉ፤ ይሄንንማ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። "ልጁ ምን ይሠራል ካሉ ግን ቢሮ ነው የሚሠራው ይበሉ" አልኳቸው። ቀን ቀን አራት ኪሎ አንድ ኮምፒውተር ቤት የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፤ ቢሮ ከተባለ ቢሮ ነው። እኚያ ሹም ልጃቸውን ዘንዶ ለሚጽፍ ሰው ይሰጣሉ ብዬ እንዴት ላስብ? ጋሼ ትንሽ አዩኝና፣ "ቢሮ" አሉ፤ እንደሚያጠና ተማሪ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሄዱ። አግቢው አብሮ አይሄድምና እኔ ፒያሳ ከጋሼ ጋር በተቀጣጠርንበት ኬክ ቤት ተቀምጬ ማኪያቶዬን እያማሰልኩ ጠበቅሁ። አልጠጣሁትም። አይሆንም ከተባልን ልጅቷ ከአባቷ ቃል እንደማትወጣ ነግራኛለች። ጋሼ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ተመልሰው ሲሮጡ ይታየኝ ነበር፤ አያሳፍርም? ለእኔ ብለው በሄዱበት ሰዓት እንኳ እንደዚያ ነበር የማስባቸው።

ስልኬ ጠራ። ልጅቷ ናት፤ ከጓዳ ሆና በሹክሹክታ።

"አጎትህ በሩን በሩን እያዩ ነው የቆሙት፤ ግን ተናገሩ። አባዬ 'ልጁ ሥራው ምንድነው?' አላቸው።"

"ቢሮ አሉ?"

"ደራሲ ነው አሉ። አባዬ 'ስለምን ነው የሚጽፈው?' ሲላቸው፣ 'ስለ እኔ' አሉት።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"ጫማ ጠባቂውን ቴሌግራም ላይ የሚከታተለው ወንድሜ ወዲያው ገባውና ከት ብሎ ሳቀ" አለች። "አባዬ ምን ያስቃል ሲለው ስለ ጫማው፣ ስለ ዘንዶው ሁሉንም ነገረው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰልህ። ቄሱም ሳቁ።"

"ጋሼስ?"

"እሳቸው አልሳቁም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ 'እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ ከእኔ ሌላ ሰው አላየም፤ ስለማን ይጻፍ ታዲያ?' አሉ።" ወዲያው እናቷ ጠራቻትና ስልኩን ዘጋችው።

ያቺን ሰዓት በምን አፌ ልናገራት? አስተናጋጇ ማኪያቶው ቀዝቅዟል፣ ልቀይርልህ ስትለኝ የተዘጋውን ስልክ ገና ከጆሮዬ አላወረድኩትም ነበር። አባትየው ምን እንዳሉ አላወቅሁም፤ እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ትዝም አላለኝ። ቢሮ የሚለውን ውሸት ተሸክመው ገብተው፣ ለእኔ ሲሉ ራሳቸውን መሳቂያ አደረጉ። ለካ ሁሉንም ያውቁ ነበር። የመጣ ምዕራፍ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ሲነበብ ቀለበት እየወለወሉ ሰምተውታል።

በመስኮቱ አየኋቸው። ከታክሲ ወርደው፣ ነጭ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ለብቻቸው አስፋልቱን ሊሻገሩ ግራ ቀኝ ያያሉ። ወጥቼ እጃቸውን ይዤ ማሻገር ነበረብኝ። ሰው ቢሆን የሚያደርገው ይሄንን ነው። እኔ ግን ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት።

ስንት ሰው አንኳኩቶ እንደሄደ እንጃ። በመጨረሻ ቀስ ያለ፣ የማውቀው ኳኳታ ተሰማ።

"ውጣ ልጄ" አሉ ጋሼ ከበሩ ወዲያ። "እሺ ብለውናል።"