ልጄን ያላቀፍኩባቸው ወራት

መጀመሪያ እምቢ ያለኝ መርፌ ነው። አሰበ ተፈሪ ቤቴ መስኮት ሥር ተቀምጬ የልጄን ቀሚስ ልሰፋ ስል እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ክሩ አልገባ አለ። ከዚያ ልቤ ተቀምጬም ይደልቅ ጀመር። እየበላሁ እከሳለሁ። ሰው ጋቢ ሲደርብ እኔን ያልበኛል። አንገቴ አበጠ፣ ዓይኔ ፈጠጠ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ቡዳ በላት ብሎ አረፈው።

ከባለቤቴ ጋር ለሕክምና አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ጡት ያልጣለችውን ልጄን ሰብለን ሚኤሶ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ለእትዬ ጥሩነሽ ትቻት ነበር፤ ስመለስ አጠባታለሁ ብዬ።

ሐኪሙ አንገቴን ዳሰሰ። «የታመመው ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ነው። ልብዎ ደክሟል፤ ቀዶ ጥገና አይችሉም። ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ ጨረር ያለው መድኃኒት፣ ይጠጣሉ። ማጥባት ቀርቷል። ከሰውነትዎ የሚወጣው ጨረር ስለሚጎዳ ለጥቂት ሳምንታትም ሕፃን እንዳያቅፉ።»

አለቀስኩ።

ባለቤቴ የፊዚክስ መምህር ነው። «በጨው የምንበላውም ይኼም ሁለቱም አዮዲን ናቸው፤ ታይሮይድሽ አይለያቸውም» አለኝ። «ይኼኛው ግን ኒውትሮን ስለበዛበት የአቶሙን እምብርት የሚይዘው ኃይል ሊያረጋው አይችልም። ጨረር እየተፋ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ጨረሩ ያበጠውን ያቃጥላል። በስምንት ቀን ግማሹ ይሄዳል፣ በሌላ ስምንት ደግሞ የቀረው በግማሽ ይቀንሳል።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ አለቀ የሚባልበት ቀን የለውም» አለ፣ ተማሪ የጠየቀው ይመስል። ያን ጊዜ ጠላሁት።

መድኃኒቱ ውሃ ይመስላል። ጠጣሁት።

ስንመለስ ባቡሩ ሚኤሶ ቆመ። እትዬ ጥሩነሽ ሰብለን ታቅፋ እየጠበቀችን ነበር። «እሰይ! እንኳን ማረሽ! እንኪ ልጅሽን።» አፈገፈግኩ። ሰብለ እጇን ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኳትም። የእህቴ ፊት ጠቆረ፤ ቆየት ብሎ ግን በራ። «ገባኝ፣ ስለት ነው! አሰቦት ሥላሴ ገዳም ሳትደርሺ ልጅሽን ላትይዢ ተስለሻል» አለች። ባለቤቴ ስለ ጨረሩ ሊያስረዳት ቢጀምር «ስለት አይነገርም፣ ዝም በል» ብላ አፉን አስያዘችው።

አሰበ ተፈሪ ተመልሼ ቀስ በቀስ የልቤ ድለቃ እየበረደ፣ እጄም እየረጋ መጣ፤ አንድ ቀን ክሩ በመርፌው ቀዳዳ ሲያልፍልኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ሐኪሙ ያለው ጊዜ ሲያልፍ ልጄን ላመጣ ሚኤሶ ወረድኩ።

«አሰቦት ሳትደርሺ?» አለች እትዬ ጥሩነሽ። «ስለትሽን አፍርሰሽ ልጅቱን ልታስቀጥፊያት ነው?»

ስለት የለም ብዬ ማልኩ። የላክሁት ሽማግሌ ሁሉ የእሷ ወገን ሆኖ ተመለሰ። እስከ አሰቦት ሥላሴ ንግሥ ድረስ ወራት ጠበቅሁ። ገዳሙ ደጃፍ ላይ ሰብለን ስትሰጠኝ ልጄ ጮኸች፤ ፊቷን ወደ እህቴ አዙራ ተንጠራራች።

ይህን መድኃኒት ለምትጠጡ እናቶች፦ አትፍሩት፣ እኔን አድኖኛል። ልጃችሁን ለሚይዝላችሁ ሰው ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉንም አስረዱ፤ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። ሐኪሜን አመሰግናለሁ። ልጄን የላም ወተት እያጠጣች ያሳደገችልኝን እህቴንም አመሰግናለሁ፤ አልከፋኝም ብል ግን ውሸት ነው። ሰብለ አሁን ትልቅ ልጅ ናት። እስከ ዛሬ እህቴን እማዬ ትላታለች፤ እኔን በስሜ ትጠራኛለች።