ሽማግሌው እስኪጨርሱ

ልጄ ዱባይ የምትሠራበት የገበያ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ዙሪያውን ምግብ ቤት፣ መሐሉን ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ትሪ ይዞ፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ፣ ለብቻው ይጎርሳል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ እሱም እዚህ አልሠራልኝምና ሥዕሉን በጣቴ ጠቁሜ አዝዤ ከልጄ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ከሕንዱ መጥበሻ የባጅያ ሽታ ሲመጣ ግን ዓይኔ ደረጃውን ፈለገ። ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር መውጫ እፈልጋለሁ።

ልጅ ሳለሁ ድሬ ላይ ጎረቤታችን አዴ ኸዲጃ፣ የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ሸራ ወጥራ፣ ባቄላውን ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ፈጭታ ባጅያ ትጠብስ ነበር። ሥጋ የለበትምና ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ካንድ ሰፊ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ፣ የቃሪያ ማባያው ቢስባስ እያላበው አብሮ ይበላል። ሕጓ አንድ ነበረች፤ ትልቅ ሰው ሳይጨርስ ከትሪው የሚነሳ ባለጌ ነው። ትልቁ ሰው ደግሞ ኦቦ ሙሜ ነበሩ፤ ጥርስ የሚባል የሌላቸው፣ አንዷን ባጅያ ከድዳቸው ጋር ሲያስታርቁ ከሰዓት በኋላው የሚያልቅባቸው።

ያን ቀን ድሬ ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ከደንገጎ ዳገት በላይ ግን ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ደቻቱን የሚሞላው የዳገቱ ዝናብ እንጂ የእኛ እንዳልሆነ የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። መጀመሪያ አህዮቹ ነጂ ሳይኖራቸው ወደ ዳር ወጡ። አዴ ኸዲጃ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ሽቅብ አየችና ዛሬስ እንነሳ አለች። ኦቦ ሙሜ ሳቁባት።

«አቦ ተቀመጪ፤ ደቻቱና እኔ ባልንጀራ ነን፣ ሳይነግረኝ አይመጣም።»

ጭነት አውራጁ አባቴም ትሪው ላይ ነበር። ሕጉ ልጅን አይይዝምና ወደ ዳር ውጣ አለኝ። አንተስ ስለው፣ «ሽማግሌው ይጨርሱ፣ እመጣለሁ» አለኝ።

ዳር ደርሼ ስዞር ቀድሞ የመጣው የእርጥብ አፈር ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም። ሌላው ሰው ያኔ ሮጠ። አባቴ ኦቦ ሙሜን በብብታቸው ይዞ እያነሳ፣ አዴ ኸዲጃ ከወዲያ እየደገፈች፣ ውሃው ሦስቱንም ከነሸራው ጠራርጎ ወሰደ። ለቀስተኛው ሁሉ አባትህ ጨዋ ነበር አለኝ። ጨዋነት አባት አይሆንም።

ልጄ ሰዓቷን አየች። «አባዬ፣ እረፍቴ አለቀ፤ አንተ ቀስ ብለህ ብላ» ብላ ትሪዋን ይዛ ተነሳች። ማንንም እንዳትጠብቂ ብዬ ያሳደግኳት እኔው ነኝ። የእኔም የፊት ጥርሶች ረግፈዋል። ዓይኔን ከደረጃው ሳልነቅል፣ ብቻዬን ማላመጤን ቀጠልኩ።