በዋርካው ሥር የጠበቅነው ገዥ

የምንኖረው ከአዳማ ባቡር ጣቢያ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ ወረዳ ነበር። ባለቤቴ ጭቃ ሹም ነበሩ። ለገዥው እርሻ ሰው ሲፈለግ፣ አዋጅ ሲነገር፣ ጠብ ሲነሳ ቤት ለቤት የሚዞሩት እርሳቸው ናቸው። ሹመቱ ትንሽ ነው። ከገዥው በታች፣ ከጎረቤት በላይ ስለሆነ ከሁለቱም ወገን ቁጣ አያጣውም። ቢሆንም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቻችንን አሳድገንበታል።

በንግሥቲቱ ዘመን ማለቂያ ላይ ሹም ሽር በዛ። አንዱ ገዥ መልኩ ሳይለመድ ይነሳና ሌላው ይመጣል። በዚያ ዓመት የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የነበሩት ገዥ ተሻሩ። ሲሄዱ ጭፍሮቻቸው የግቢውን በሮች ነቅለው በአህያ ጭነው ወሰዱ። ማንም አልገረመውም፤ ከእርሳቸው በፊት የነበሩትም እንዲሁ አድርገው ነበር። የሚመጣው የራሱን በር ያሠራል።

አዲሱ ገዥ ማክሰኞ ይገባሉ የሚል መልእክት ደረሰን። በየት በኩል እንደሚገቡ መልእክተኛው አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ገዥ የሚመጣው ሁልጊዜ በሰሜኑ የበቅሎ መንገድ ነው። ድንኳን የጫኑት አህዮች ይቀድማሉ፣ ጭፍራው ይከተላል፣ እርሳቸው መሐል ሆነው በበቅሎ ይመጣሉ። ባቡሩ ለጨው፣ ለቆዳ፣ ለነጋዴ ነው። አንድ ባለ ማዕረግ ከጨው ጆንያ መካከል ይወርዳል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

ባለቤቴ ሰዉን ሁሉ ጠርተው መንገዱ ዳር ባለው ዋርካ ሥር አሰለፉት። ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ቆሙ። ሙክት ታስሯል፤ ማር ቀርቧል፤ እኛ ሴቶች ለእልልታ ተዘጋጅተናል። ከጠዋት ጀምሮ ጠበቅን። በሩቅ አቧራ በተነሳ ቁጥር «መጡ! መጡ!» ይባላል፤ እልልታውን ስንጀምር አውሎ ነፋስ ሆኖ ሜዳውን ያቋርጣል። በእኛ አገር በበጋ አቧራው እንደ ሰው ቆሞ ይሄዳል።

ከአገሩ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ኦሮሞ ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው። ከባለቤቴ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ባለቤቴ ቦታቸውን ባዶ ሲያዩ፣ «ይህን ሰውዬ ነገ ገዥው ዘንድ እከሰዋለሁ፤ ያኔ ያየዋል» አሉ።

ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ አንዲት ውኃ ቀጂ ከገዥው ግቢ በኩል እየሮጠች መጣች።

«ምን ትሠራላችሁ እዚህ? ገዥው እኮ ገብተዋል! በር ከሌለው ቤት ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል!»

ስንሮጥ ሄድን፤ ካህናቱ ከነጥላቸው፣ ሙክቱ ከነገመዱ። ገዥው ገና ወጣት ናቸው። ካኪ ኮት ለብሰዋል፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ ጫማቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል። በባቡር አዳማ ወርደው፣ ጣቢያው ላይ የሚቀበላቸው አጥተው፣ አንድ ጨው ነጋዴ ባዋሳቸው አህያ ሳጥናቸውን ጭነው ከሁለት ዘበኞች ጋር በእግራቸው ነው የመጡት።

«ጭቃ ሹሙ ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«የት ነበርክ?»

«ዋርካው ሥር፣ በበቅሎ መንገድ፣ ስንጠብቅዎ ዋልን።»

«በባቡር ነው የመጣሁት።»

ባለቤቴ ደንግጠው አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ተናገሩ። «ባቡሩ የዕቃ መስሎን ነው ጌታዬ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው። ያ ሳቅ ጨረሰን። ገዥው ተነሡ።

«በሩን ነቀላችሁ። ጣቢያውን ባዶ አደረጋችሁ። አሁን ደግሞ ዕቃ አላችሁኝ። ለተሻረው አድማችሁ ነው!»

ባለቤቴ መሬት ስመው ማሉ፤ አልሰሟቸውም። እንዳያስሯቸው እስር ቤቱም በር የለውም። ስለዚህ የባለቤቴ ቀኝ እጅ ከአንደኛው ዘበኛ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት ተቆራኘ። ቁራኛ ሆነው ቤታችን እንዲቀመጡ ታዘዘ። «እስከ ሆሳዕና ዋስ አምጣ። ካላመጣህ አዲስ አበባ እልክሃለሁ፤ እዚያ ትጠየቃለህ። ዋርካው ሥር የነበረ ሰው ግን ዋስ አይሆንም። ሁላችሁም አንድ ናችሁ።»

አዲስ አበባ ለእኛ ቤት ክፉ ስም ነው። የእናቴ ወንድም በክስ ወደዚያ ሄዶ ነበር፤ ደጅ ሲጠና በዚያው ቀረ። መቃብሩን እንኳ አናውቀውም።

ዘበኛው የመንዝ ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም። ግን የባለቤቴ እጅ የሄደበት ሁሉ የእርሱም እጅ ይሄዳል። ማዕድ ሲቀርብ ባለቤቴ በግራ እጃቸው አልበላም አሉ፤ ስለዚህ እኔ አጎርሳቸው ነበር። ዘበኛው ያይና፣ «እሜቴ፣ እኔም እኮ እስረኛ ነኝ፤ አንድ ጉርሻ ለእኔም» ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም አጎርሰዋለሁ። ባለቤቴ ግን አይስቁም።

ጾሙ ገባ። ባለቤቴ የሁዳዴን ስግደት አስታጉለው አያውቁም። ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ፤ ዘበኛውም ወዶ ሳይሆን ይነሳል። እርሳቸው ሲወድቁ ይወድቃል፤ ሲነሱ ይነሳል።

«አያ፣ ዛሬ ቢቀንሱልኝስ?»

«ዝም ብለህ ስገድ። ለነፍስህ ነው።»

«ነፍሴስ ደኅና ናት፤ ጉልበቴ ነው ያለቀው። እሜቴ፣ ያማልዱኝ!»

ይህን ስሰማ በነጠላዬ ተሸፍኜ እስቃለሁ፤ ወዲያው ሆሳዕና ትዝ ይለኝና ሳቄ ይቆማል።

ዋስ ፍለጋ ያልረገጥኩት ደጅ አልነበረም። አብረውን የበሉና የጠጡ ሰዎች ሁሉ ዋርካው ሥር ነበሩ። «እኔም እኮ የተቆጠርኩት ከእርሳቸው ጋር ነው፤ ለእኔስ ማን ዋስ ይሆነኛል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የነፍስ አባታችን ገዥው ፊት ቀርበው ለመኑ። «አባቴ፣ እርስዎም ጥላ ይዘው ዋርካው ሥር ነበሩ» ተብለው ተመለሱ።

አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ወርጄ የማዶውን ቤት ጢስ አየሁ። ዋርካው ሥር ያልነበረው አንድ ሰው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከጠዋቱም ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ ፍርሃት ሸፍኖኝ ነው።

ለባለቤቴ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «እሱን ከምለምን ብሞት ይሻለኛል።»

ዘበኛው ሰንሰለቱን አንሥቶ አሳያቸው። «እርስዎ ሲሞቱ እኔስ? ኧረ ይሂዱ እሜቴ፣ ይሂዱ።»

ባለቤቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ወንዙን ተሻገርኩ።

ሽማግሌው ከቤታቸው ደጃፍ ግራር ሥር ተቀምጠው ነበር። «አካም ቡልቴ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለት ነው። ሚስታቸው ወተት አመጡልኝ፤ ጾም መሆኑን ሲያስታውሱ «ውይ!» ብለው በቆሎ ቆልተው አቀረቡልኝ። የመጣሁበትን ተናገርኩ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ባልሽ ልጆቼን ለገዥው እርሻ የሚጠራቸው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ዓርብ ነው። ሁልጊዜ ዓርብ። ጁምዓ ነው፣ መስገጃችን ነው ስለው፣ ቅዳሜና እሑድ የእኛ በዓል ነው፣ ማርያም የእኛ ናት፣ ሚካኤል የእኛ ነው፣ ምን ቀን ቀረልኝ አለኝ። ለአንተ ያልቀረልህ ቀን ለእኔም አንድ እንኳ አልቀረልኝም አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም።»

ባለቤቴ በዓላትን ሲቆጥሩ አጠገባቸው ነበርኩ። ዓርብ ሲቀር ለማን እንደቀረ አላሰብኩም ነበር።

«አባባ፣ በእርሳቸው ሥራ ላይ ሥልጣን የለኝም» አልኳቸው። «ልለምናቸው ብቻ እችላለሁ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «ስለወደድኩት እንዳይመስልሽ። እሱ ቢሄድ ሌላ ይሾማል። የሚሾመውን አላውቀውም። ከባልሽ ጋር መጣላት ግን ለምጃለሁ።»

አብረን ገዥው ዘንድ ሄድን፤ ዘበኛውም ባለቤቴን እየሳበ ተከተለን። ገዥው ችሎት የሚያስችሉት ገና ደጅ፣ ድንጋዩ ላይ ነበር። ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው።

«አንተስ ልትቀበለኝ ለምን አልመጣህም?»

«ስለተጣላን ነው ጌታዬ።»

«ባትጣሉ ኖሮ ጣቢያ ትመጣ ነበር?»

«አይ፣ ልዋሽዎት አልችልም። እኔም ዋርካው ሥር ነበር የምቆመው። ገዥ በባቡር ሲመጣ አይተን አናውቅም።»

ገዥው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየናቸው። እኛ ሁላችን ስንምል ያልገባቸው ነገር፣ የባለቤቴ ጠበኛ ሲናገረው ገባቸው። ሽማግሌው ዋስ ሆነው ሰንሰለቱ ተፈታ። ዘበኛው እጁን እያሻሸ፣ «አያ፣ እንግዲህ ብቻዎን ይስገዱ» አለ። ተንበርክኬ ምድርን ሳምኩ።

ነገር ግን ገዥው ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ ጭቃ ሹምነቱ ከባለቤቴ ተነሥቶ ለሁለተኛው ዘበኛ መሰጠቱን ተናገሩ። አገሩን ከማያውቅ፣ ከመጣ ሁለት ወር ካልሞላው ሰው እጅ ገባን። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ መሬት ተጫኑ። የፈሩት ሆነ፤ ዋስነቱ ግን አንገታቸው ላይ ቀረ። ባለቤቴ ከወረዳው ቢጠፉ የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ዓርቡ ለሽማግሌው የገባሁትን ቃል ለባለቤቴ ነገርኳቸው። «ሥልጣኑ ከእጄ ከወጣ በኋላ ምን ትለምኚኛለሽ?» አሉ። እውነት ነው።

ከፋሲካ በኋላ አዲሱ ጭቃ ሹም የመጀመሪያውን የእርሻ ጥሪ አስጠራ። በዓል ለማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ በተከታታይ ይወጣ ብሎ ነበር። ሐሙስ ማታ ባለቤቴ እራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወንዙን ተሻገሩ። ያን መንገድ ከተኳረፉ ወዲህ ረግጠውት አያውቁም። ሲመለሱ ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። በማግስቱ በሬዎቻችንን ጠምደው ከቤት ወጡ። የሽማግሌውን ልጆች ተራ ሊያርሱ ነው።

ምሳ ይዤላቸው ስሄድ ሌሎቹ አራሾች እያዩ ይጠቃቀሱ ነበር። አንዱ፣ «ጭቃ ሹማችን ዛሬ ጭቃው ውስጥ ገቡ» አለ። ባለቤቴ ሰምተዋል፤ በሬዎቹን ነዱ። ቀኝ እጃቸው ላይ ሰንሰለቱ ያቆሰለው ቦታ ገና አልሻረም፤ እርፉን የያዙት በግራቸው ነበር።

ሽማግሌው ከጁምዓ ሲመለሱ በእርሻው ዳር ቆመው አዩአቸው። እኔ ምሳውን እያቀረብኩ ነበር።

«አንድ ዓርብ ሆነ» አሉኝ። «ዓመቱ ግን ብዙ ዓርብ አለው እህቴ።»

«አውቃለሁ አባባ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

ጎንበስ ብለው ከምሳው አንድ ጊዜ ቆረሱ፤ ለባለቤቴ አጎረሷቸውና ወደ ወንዙ ወረዱ። ባለቤቴ አፋቸው ሞልቶ ምንም ማለት አልቻሉም። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ። ባሌ ከልጆቼ ጋር ናቸው፤ አዲስ አበባ አልሄዱም። የሚቀጥለው ዓርብ እንዴት እንደሚታለፍ ግን ከሦስታችን የሚያውቅ አልነበረም።