ከየካቲት ሃያ ሦስት እስከ ሃያ ስምንት

አምሳለችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት አገጯን በነጠላዋ ሸፍና ነው። ጥርሷን አሟት መስሎኝ መንቀያውን ላወጣ መሳቢያ ስከፍት፣ «ጥርሴን አይደለም እትዬ፣ እባክሽ በሩን ዝጊልኝ» አለችኝ። ዘግቼ ተመለስኩ። ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። አገጯ በወረንጦ ከመነቀሉ ብዛት ቆዳው ቀልቷል፤ በመሃሉ ጥቁር ጥቁር ፀጉር ብቅ ብቅ ብሏል። ባሏ ሳይነቃ ጎሕ ሲቀድ እየተነሳች ትነቅለው እንደነበር ነገረችኝና አለቀሰች።

ጊዜው ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.፣ ሰኔ ግም ሲል ነው። እኔ ባንቺዓለም እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። ጎንደር ሠልጥኜ ቢቸና ከተማ ዳር ባለች ሁለት ክፍል ክሊኒክ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። ቁስል በቅቤ የሚያሽ፣ ልጅ በትኩሳት ሲነድ ክታብ የሚያስር ሰው ሲመጣብኝ አልምርም ነበር። ራሴን ከከተማው ሁሉ አዋቂ አድርጌ እቆጥር ነበር። ይህን የምጽፈው ስለ አምሳለች ነው፤ ግን ስለ እኔም መሆኑን ከወዲሁ ልናገር።

አምሳለች ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ገላውን ካገባች ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ ልጅ የለም። የወር አበባዋ በዓመት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ነው የሚመጣው። በቀረ ቁጥር አረገዝኩ ትላለች። አማቷ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ሁለት ጊዜ የገንፎ እህል አስፈጭተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ዱቄቱ ለሌላ ነገር ዋለ። ጎረቤቶቿ ደግሞ በማያውቁት ነገር ይቀኑባት ነበር። ሌላዋ ሴት በየወሩ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ስትቆም አምሳለች ከቅዳሴ አትቀርም። «እሷማ ምን አለባት፣ ንጽሕት ናት» ይሏታል። እሷ ግን ከደጅ የሚያስቀራት ደም በመጣልኝ እያለች ለኪዳነ ምሕረት ትሳል ነበር። እንዲህ ያለ ስለት ሰምቼ አላውቅም።

እማሆይ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የሚያስቡት ስለ ርስቱ ነው። ገላው አንድ ልጃቸው ነው። «እስከሚመጣው ፋሲካ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ገላው ሌላ ያገባል፤ ልጅቱንም አይቻታለሁ» ብለው በግልጽ ነግረዋታል። ልጅቱ ከወደ የጁቤ ናት ተብሎ ስሟ ሁሉ በከተማው ይወራ ነበር። ገላው ሚስቱን ይወዳታል፤ እናቱን ግን እንቢ ብሎ አያውቅም።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ በጭነት መኪና ይዣት ሞጣ ሄድኩ። ሞጣ አቶ ኃይለ ሚካኤል የሚባሉ ጤና መኮንን ነበሩ፤ ሰው ዶክተር ነው የሚላቸው። ብዙ ጠየቋት፣ ዳሰሷት፣ አገጯን አዩ፣ መዘኗት። ከዚያ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው እንዲህ አሏት። «እንቁላል የሚያወጡት ሁለቱ ዕጢዎችሽ አብጠዋል፤ ትናንሽ የውሃ ከረጢቶች ሞልተውባቸዋል። እንቁላሉ በየወሩ በስሎ መውጣት ሲገባው እዚያው ይቀራል። ጢሙም፣ ውፍረቱም፣ የወሩ መቅረትም አንድ በሽታ ነው። ግን መካን አይደለሽም።»

አምሳለች የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ስንመለስ መኪናው ላይ ለተሳፈረው ሁሉ «መካን አይደለሽም አለኝ» ብላ ልትናገር ምንም አልቀራት፤ እጇን ይዤ ዝም አሰኘኋት።

ያዘዙላት ነገር ቀላል ነበር። ቅቤውንና ጠላውን እንድትቀንስ፣ ወንዝ በእግሯ እንድትወርድ፣ ውሃ ራሷ እንድትቀዳ። ክብደቷ ሲቀንስ ደሟ ሊመጣ ይችላል፤ የመጣ ዕለት ለእኔ ትነግረኛለች። ሌላም ነበር። አንድ የሚያውቁት የውጭ አገር ሐኪም አዲስ የወጣ መድኃኒት፣ አሥር ፍሬ፣ ልኮላቸው ነበር። አምስቱን ለእኔ ሰጡኝ። ከደሙ አምስተኛ ቀን ጀምራ በየቀኑ አንድ አንድ ትውጣለች። ከዚያ ከባሏ ጋር የምትገናኝበትን ቀን እሳቸው ቆጥረው ይልኩልኛል። «ከዚያ ቀን በፊት ያለውን ሳምንት ተለያይተው ይተኙ፤ ባልየውም ይረፍ» አሉኝ። አምስቱን ደግሞ እዚያው አስቀሩት።

አምሳለች አምስት ወር ሙሉ ውሃ ቀዳች። ወገቧ ወጣ፣ ፊቷ ጠራ። እማሆይ «ምራቴን አከሳችብኝ» ብለው በገበያ ስሜን አነሱ፤ እኔም መልሴን ላክሁባቸው። የካቲት ሁለት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲሄድ አምሳለች ወደ ክሊኒኩ እየሮጠች መጣች። «መጣልኝ እትዬ! መጣልኝ!» ደም መጣልኝ ብላ እልል የምትል ሴት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለታችንም ሳቅን።

ከስድስት እስከ አሥር ድረስ በየጠዋቱ እፊቴ ቆማ ዋጠች። በአሥራ አንድ ለሞጣ ሾፌር ወረቀት ሰጠሁ። በአሥራ አራት መልሱ መጣ። መዳፍ የማታህል ቁራጭ ወረቀት፣ በእንግሊዝኛ፣ «ፌብሩዋሪ 23–28» ትላለች፤ ከሥሯ ሁለት ጊዜ ተሠምሮባታል። እኔም ልጅ ሆነን ጃንዋሪ ጥር፣ ፌብሩዋሪ የካቲት፣ ማርች መጋቢት እያልን በዜማ የሸመደድን ነንና ወረቀቷን ገልብጬ «ከየካቲት 23 እስከ 28» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላት።

አምሳለች በጣቷ ቆጠረች። ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ፣ ሃያ ሦስት እኮ ሰኞ ነው፤ ሁዳዴ የሚገባበት።»

«ታዲያ መድኃኒቱም አብሮሽ ይጹም?» አልኳት።

«የሚመጣው ሳምንትስ? ቅበላው ቢሆንልን? ገላው በጾም... እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ?»

«አንቺ ነሽ ዶክተሩ? ቀኑ የተጻፈው እዚህ ነው! እስከ ሃያ ሦስት ለየብቻ ተኙ ተባለ፣ ተኙ። በቄስ ልትወልጂ ከሆነ ስድስት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

በማግሥቱ ገላው ራሱ መጣ። አራሽ ነው፤ ግን ልጅ ሳለ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ተምሯል፤ ጾም ለሱ ቀላል ነገር አይደለም። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ከበሩ ላይ ቆመ። «ሲስተር፣ አንድ ሳምንት ቀደም ቢል ምን ይሆናል?» አለኝ። አንድ ሳምንት ቀደም ቢል! «ካልሆነ አይሆንም፤ ደሙ ደግሞ እስኪመጣ ግማሽ ዓመት ጠብቁ» አልኩት። ግማሽ ዓመት እንደሌላቸው እሱም እኔም እናውቃለን። ባርኔጣውን ደፋና «እንግዲህ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» ብሎ ሄደ።

የቅበላውን ሳምንት፣ አገሩ ሁሉ ሥጋ ሲበላና ሲደሰት፣ ባልና ሚስቱ ለየብቻ ተኙ። ሁዳዴ ሲገባ ምግቡን ጾሙ፣ አልጋውን አልጾሙም። አምሳለች በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን አልደረሰችም፤ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ቆማ ስትሳለም አይቻታለሁ። ይበጃታል ብዬ አለፍኳት።

መጋቢት ሁለት ቀን ደሙ መጣ። አምሳለች እንደ በፊቱ እየሮጠች አልመጣችም። «ፈጣሪ ቀጣኝ» አለች። «ፈጣሪን ተይው፤ መድኃኒት አንዳንዴ አይሠራም» አልኳት። ያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ አቶ ኃይለ ሚካኤል ለፈንጣጣ ክትባት ቁጥጥር በቢቸና ሲያልፉ ክሊኒኩ ጎራ አሉ። ሻይ ጠጡ፣ መዝገቡን አዩ፣ ከዚያ «ያቺ ሴትዮ ምን ሆነች?» አሉኝ።

«አልሆነላትም።»

«ያሳዝናል። እንዲያውም ቀኑ ጥሩ ላይ ዋለላቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከኪዳነ ምሕረት ዕለት ጀምሮ እስከ ቅበላው ቅዳሜ። ጾም ሳይገባባቸው።»

የሰማሁትን ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። ኪዳነ ምሕረት የካቲት አሥራ ስድስት ነው። ቀና ስል ካላንደሩ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የእኛም የፈረንጁም ቀን ጎን ለጎን የታተመበት። የፈረንጁ ሃያ ሦስት ከእኛ አሥራ ስድስት ሥር ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወርኃዊ ሪፖርቴን ከዚያ ላይ እያየሁ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ያን ዕለት ግን ቀና ብዬ አላየሁም። የልጅነት ዜማዬን አምኜ፣ የሰባት ቀን ልዩነት ዘልዬ፣ የተፈቀደላቸውን ሳምንት ነጥቄ የተከለከለውን ሰጠኋቸው።

«ቀኑን በደንብ ጠብቀዋል?» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ እስክሪብቶአቸውን ይዘው።

«ጠብቀዋል» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ፈራሁ፣ አፈርኩ። ቢቸናን ሁሉ ደንቆሮ ስል የኖርኩት ሴት ቀን መቁጠር አቃታት እንዳይሉኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቀኑን የተሳሳትኩት ሳላውቅ ነው። ይህን የዋሸሁት ግን ዐውቄ ነው።

«ቀኑን ጠብቀው ካልሆነ መድኃኒቱ ለሷ አልተስማማም ማለት ነው» አሉና ጻፉ። «የቀሩትን አምስት ፍሬ ለሷ አስቀምጬ ነበር። እንግዲህ እዚያው ሞጣ ለምትጠብቅ ሌላ ሴት እሰጣለሁ።» ሰጡም። ዑሙሰልማ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ናት፤ በሚቀጥለው ጥር ሴት ልጅ ወለደች። አላህ ያሳድግላት፤ እሷ ምን በደለች። እኔ ግን ወሬውን ስሰማ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም።

እነግራታለሁ ብዬ አምሳለች ቤት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። አንድ ቀን እማሆይ ከእሷ ጋር ተቀምጠው ነበር፤ ተመለስኩ። አንድ ቀን ገላው ከእርሻ ገብቶ ነበር፤ ስለ ዝናቡ አውርቼ ወጣሁ። በሦስተኛው ብቻዋን አገኘኋት፤ ግን እየሰገደች ነበር። የነፍስ አባቷ መምሬ አካለ ወልድ ኃጢአቷን ሰምተው ንስሐ ሰጥተዋታል፤ እስከ ሆሳዕና በየቀኑ ሦስት መቶ ስግደት፣ እስከ ማታም ምንም ሳትቀምስ። «የገላውንም ለእኔ ይስጡኝ ብዬ ጨምረውልኛል» አለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ስትወድቅ ስትነሳ ቆጠርኩ። አርባ ላይ ስደርስ ወጥቼ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ጉልበቷ ተላልጦ ለመድኃኒት እሷ ወደ እኔ መጣች። ቁስሉን አጥቤ፣ ቅባት ቀባሁላት፣ በፋሻ አሰርኩላት። ጉልበቷ በእጄ ላይ ነው፤ ቃሉ ከምላሴ ጫፍ ላይ ነው። «አንቺ እኮ ኃጢአት የለብሽም» ማለት ነበረብኝ። «ነገ አትስገጂ፣ ይመግላል» አልኳት። በማግሥቱ ሰገደች።

ፋሲካ ሲያልፍ እማሆይ ምንም መናገር አላስፈለጋቸውም። አምሳለች ራሷ ልሂድ አለች። ገላው ለመናት፤ ሽማግሌ ሁሉ ሰደደባት። «ጾም ያስፈታሁህ እኔ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ብትኖር ዘርህ ይቋረጣል» ብላ አልሰማ አለችው። ወላጆቿ የሚኖሩት አምበር ነው። በሄደችበት ጠዋት ጓዟን ለመኪና ሰጥታ ክሊኒኩ ድረስ መጣች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ አገጯን መሸፈኑን ትታዋለች።

«ልሰናበትሽ ነው እትዬ» አለችኝ።

«ተቀመጪ፣ አንድ ነገር አለኝ» አልኳት። በእውነት ልነግራት ነበር።

«መኪናው አይጠብቀኝም። እኔም አንድ ነገር አለኝ፤ ሳልነግርሽ ብሄድ ደግ አይደለም።» ድንገት ዝቅ ብላ ጉልበቴን ያዘች። «መድኃኒትሽ ጥሩ ነበር። እስከ ሞጣ ደክመሽልኛል፣ ከእማሆይ ተጣልተሽልኛል። በእኔ ኃጢአት ነው ልፋትሽ የተበላሸው። አሁን ደግሞ የነርሷ መድኃኒት አይሠራም እያሉ ስምሽን ያነሳሉ፤ ያ ሁሉ በእኔ ነው። ይህን ይዤ አልሂድ፤ ይቅር በይኝ።»

መኪናው ከገበያው በኩል ጥሩንባውን ነፋ። አምሳለች ጉልበቴን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ፤ መልሴን ሳትሰማ አትነሳም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።

አመሰገነችኝና ሄደች።